ከውስጥ እጀታ የሌለው በር

ዲሴምበር 4፣ 1944፣ የቅድስት ባርባራ ዕለት

ጀርመኖቹ ዛሬም መርከቧን ተኮሱባት። ጠዋት፣ ከባሕሩ በኩል፣ ለልምምድ። እኛ ወደቡ ዳር እጃችንን ኪሳችን ከትተን ቆመን ስናይ ቤፒ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ «ኦታቪዮ፣ ዛሬ እኮ የመድፈኞች ቅድስት ናት፤ በዓሏን እያከበሩላት ነው!» ብሎ ጮኸ። ቤፒ ካልጮኸ አልሰማውም፤ እኔም ካልጮኽኩ አይሰማኝም። ዕድሜ ልካችንን የጋለ ምስማር ላሜራ ላይ ስንቀጠቅጥ ኖረን ሁለታችንም ጆሯችንን ለመርከብ ገብረናል።

ከሰዓት በኋላ ወጥተን የበሱትን ደፈንን። እነሱ ይበሳሉ፣ እኛ እንደፍናለን። ነገ ደግሞ ከሆዷ መዳብ እየቆረጥን እናወጣለን፤ ወደ ጀርመን ይጫናል።

ስሟ ኢምፔሮ፣ «ግዛት» ማለት፣ ነው። አፍሪካ ውስጥ አገር ያዝን፣ ግዛታችን ሰፋ ተብሎ ደወል የተደወለ ጊዜ በዚያው ደስታ የወጣ ስም ነው። ጀኖቫ ባሕር ላይ አወረዷትና ሳትጠናቀቅ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ ብሪንዲዚ፣ ከዚያ ቬኔዚያ፣ መጨረሻ ላይ እኛ ዘንድ ትሪየስቴ፤ ማንም ደስ ብሎት እንደማያሳድራት ደሃ ዘመድ ከደጅ ደጅ ዞረች። መድፍ አልተተከለላትም፣ ወጥ ቤቷ ምድጃ አያውቅም። አምና ሴፕቴምበር መንግሥታችን እጁን ሲሰጥ ጀርመኖቹ ከነጉድለቷ ወሰዷት። ሠራተኛው «ሙሽሪት» ይላታል፤ ሙሽራው የቀረባት።

ለማን እንደምጽፍ አላውቅም። ጆሮው የደከመ ሰው ጨዋታ አይደርሰውም፤ ከራሴ ጋር ላውራ ብዬ ነው።

ዲሴምበር 6፣ ረቡዕ

የቅዱስ ኒኮሎ ቀን። ድሮ ልጆቼ ኔሪናና ዳርዮ ሳህናቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ተኝተው፣ ጠዋት ለውዝና ብርቱካን ያገኙ ነበር። ዘንድሮ ቅዱሱ ያመጣልን ማስታወቂያ ነው፤ ከእኛ ቡድን የወጣቶቹ የሥራ ካርድ ተሰርዟል። ካርድ ያለው ይቀራል፣ የሌለው በባቡር ወደ ጀርመን አገር ይሄዳል። ከሄዱት ውስጥ የተመለሰ እስካሁን አላየሁም።

የሊቪዮ ካርድም ተሰርዟል። ሊቪዮ የልጄ የኔሪና ባል ነው። እዚሁ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ዳርዮ ከሞተብኝ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የወንድ ሳቅ የሰማሁት በእሱ ነው።

ዲሴምበር 9

ትናንት ቤቱን ፈተሹ። ሊቪዮ ጣሪያ ላይ ነበር። አላገኙትም። እንደገና እንመጣለን ብለዋል። ይመጣሉ።

ዲሴምበር 10፣ እሁድ

አሁን ተረጋግቼ ልጻፍ።

ትናንት ጠዋት ሊቪዮን የገመድ ጥቅል አሸክሜ ከቡድኑ ጋር መርከቧ ውስጥ አስገባሁት። ስንወጣ አንድ ሰው ጎደልን። ቦራ የምንለው ነፋስ ከካርሶ ተራራ ቁልቁል እየወረደ ሰውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። ዘበኛው ስንገባ ይቆጥራል፤ በዚህ ነፋስ ስንወጣ ግን አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ «ቶሎ ቶሎ!» ነው የሚለው። ቤፒ አየ። ኮሌታውን ሰብስቦ መንገዱን ቀጠለ።

እኔ የመርከቧ የታችኛው ክፍል አለቃ ነኝ፤ እዚያ ካለ እኔ የሚወርድ የለም። ከኋላ በኩል፣ ከውሃው መስመር በታች፣ ለዕቃ ማስቀመጫ የታሰበ አንድ ክፍል አለ። በሩ ወፍራም ነው፤ ውሃ እንዳያሳልፍ ሆኖ የተሠራ። አንድ ጉድለት ብቻ አለው። መክፈቻው በሁለቱም በኩል መሆን ነበረበት፤ ከውጭ ያለው እጀታ ተገጥሟል፣ ከውስጥ ያለው ሳይገጠም ሥራው ቆመ። ስለዚህ በሩ እንዳይጠረቀም ከጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ጠርቤ ከሥሩ ወሸቅሁለት።

ሲጨልምበት እንዳይሰጋ ምልክታችንን ተስማማን። ሊቪዮ መቼም የእኛ ሰው ነው፣ ያውቀዋል። ምስማር መቺው ላሜራው ወዲህ፣ ደጋፊው ላሜራው ወዲያ ሆነው ሲሠሩ አይተያዩም፣ አይደማመጡም። በመዶሻ ነው የሚነጋገሩት። አንድ ምት «አለሁ»፣ ሁለት ምት «ቁም»፣ ሦስት ምት «ውጣ»። ጆሮው የደነቆረ ደግሞ የመዶሻውን ራስ ላሜራው ላይ አስደግፎ እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል፤ ምቱ በአጥንቱ ይገባለታል። እኔ በጥርሴ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ሚስቴ ጆቫና፣ ነፍሷን ይማርና፣ እራት ላይ ስቆጣ ድስቱን በማንኪያ ሁለቴ ትመታው ነበር። ዝም እላለሁ። ኔሪናም ከእናቷ ወርሳዋለች።

ዛሬ ማታ ኔሪና «ምን አለ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ አለ» አልኳት። «እሱ ይህን ብቻ? ውሸትህን ነው አባዬ፣ ሊቪዮ ሳይቀልድ አይውልም።»

ዲሴምበር 17፣ እሁድ

እውነትም ይቀልዳል። ኔሪና የላከችለትን ምሳ ዕቃ ሲከፍት፣

«አባባ፣ በከተማው ውስጥ ያለውን ትልቁን ቤት ነው የሰጡኝ። ኪራዩ እንዴት ነው?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ነው የጠፋው። አይጦቹ እንኳ ለቀው ሄደዋል። እኛ ያልሰማነውን ምን ሰምተው ይሆን?»

ሳቅሁ። ስወጣ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ዳርዮ ሐበሻ አገር፣ ስሙን አጥርቼ መጥራት በማልችለው አንድ ወንዝ ዳር ነው የቀረው። ያገሩ ሰዎች ምን አድርገውት እንደነበር ጠይቄ አላውቅም፤ እኛ ምን እንዳደረግናቸውም አልጠየቅሁም። እሱ ከሞተ በኋላ ደወሉ ተደወለ፣ እኔም ከሰዉ ጋር አደባባይ ወጥቼ አጨበጨብኩ። ልጄን የበላ ግዛት ስሙን ለመርከብ አወረሰ፤ አሁን እሷው ሆድ ውስጥ የልጄን ባል ደብቄያለሁ። ከእሷ ውለታ መጠየቄ ያሳፍረኛል።

የገና ዕለት

ምሳችን ዮታ ሾርባ። ባቄላው ጥቂት፣ ጎመኑ ብዙ፣ ሥጋው በስም ብቻ። ኔሪና ከራሷ ሳህን ባቄላውን እየለቀመች ምሳ ዕቃው ውስጥ ስትጨምር አየኋት። እንዳላየ ሆንኩ። በዓል ስለሆነ ዘበኞቹ ሰክረዋል፤ ወርጄ ሰጠሁት። ብሪስኮላ ተጫወትን። ሁለቴ አሸነፈኝ፤ ካርታ ይሰርቃል ልበል እንጂ አላየሁትም።

ጃንዋሪ 8

ደንቆሮ መሆን ጥቅም አለው፤ ሰው ፊትህ ያወራል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ክራንዝ ለባልደረባው ሲናገር ከንፈሩን አየሁት፣ ከኦስትሪያ ዘመን የተረፈችኝ ጀርመንኛ አለች፦ መርከቧን ጎትተው ወደቡ አፍ ላይ ሊያሰምጧት ያስባሉ፣ የጠላት መርከብ እንዳይገባ። መቼ እንደሆነ አልያዝኩትም።

ሊቪዮ ያስለዋል።

ጃንዋሪ 15

የኋላ መልሕቋን ሰንሰለት ቆርጠን ጫንን። ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። አሁን በገመድ ብቻ ነው የታሰረችው።

ጃንዋሪ 21፣ እሁድ

ሰው አገኘሁ። ዞራ ትባላለች፤ ከካርሶ በየጠዋቱ ወተት አዝላ የምትወርድ ስሎቬናዊት። ወተቷን ሸጣ ስትመለስ የሚከተላት ሰው አይጠፋም፣ ላይ ሲደርስ ጀርመኖቹን የሚዋጉት ጫካ ውስጥ ይቀበሉታል ይባላል። ሳን ጃኮሞ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አገኘኋትና ምስጢር ትጠብቂያለሽ ወይ አልኳት። ከታች እስከ ላይ አየችኝ።

«አንተ ሽማግሌ፣ እናንተ ጣልያኖች ሃያ ዓመት ሙሉ በራስሽ ቋንቋ አትናገሪ ስትሉኝ ነው የኖራችሁት። ዝም ማለትን ከእኔ የበለጠ የተማረ የት ታገኛለህ?»

ባርኔጣዬን አውልቄ ስለ ሊቪዮ ነገርኳት። «ልጁን አምጣው፤ ሐሙስ ሐሙስ ነው የምወስደው» ብላ ማሰሮዋን አነሳች።

ፌብሩዋሪ 2፣ የሻማዋ እመቤት ቀን

ፀሐይና ቦራ ይዛ ከመጣች ብርዱ ሄደ፤ ዝናብና ነፋስ ይዛ ከመጣች ገና መሐሉ ላይ ነን ይላሉ። ዘንድሮ ዝናብ ይዛ መጣች።

ሊቪዮ ቀልዱን ቀንሷል። ጨለማው ከብርዱ ይብሳል ይላል። የዐመድ ረቡዕ ዕለት፣ በ14፣ ይወጣል። ማታ ቦራ ካለ ዘበኛው አይቆጥርም፤ ከቡድኑ ጋር ይወጣል፣ ዞራ ሐሙስ ጠዋት ትወስደዋለች። ለኔሪና ነገርኳት። ወዲያው ሹራቡን መጠገን ጀመረች።

ፌብሩዋሪ 14፣ የዐመድ ረቡዕ

አልወጣም። ነፋሱ በቂ አልነበረም፤ ዘበኛው ቢቆጥርስ? ለአንድ ሳምንት አራዘምኩት። ሰው እንዲህ ባለ ነገር ላይ መቸኮል የለበትም።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ባርኔጣዬን ነፋስ ነጥቆኝ ባሕር ውስጥ ጨመረው። አዲስ ማግኘት አይቻልም፤ የዳርዮን አሮጌ ቆብ አድርጌ ዋልኩ።

ለሊቪዮ ስነግረው ሽብልቋን ተመለከተ። ከዚያ «ታዲያ ካርታውን ያምጡት» አለኝ። ቀድሜ አምጥቼዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፌብሩዋሪ 18፣ እሁድ

ሊቪዮ አንድ ነገር ለመነኝ።

«አባባ፣ ይህን በር ከውስጥ የሚከፍት ብረት ቢያበጁልኝ። እንዲሁ፣ ማንኛውንም ብረት። ሽብልቋን ሳያት ሌሊቱን አድራለሁ።»

«እየሠራሁልህ ነው።»

እውነቴን ነው፣ ከጀመርኩት ሳምንት ሆኖኛል። ሞርሳ ላይ አስሬ ሞረድኩት፤ አልተስማማኝም፤ ሌላ ብረት አምጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ለይስሙላ የተሠራ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ቤፒ አየኝና፣

«ለምንህ ነው?»

«ለበር።»

«ለየትኛው በር? አንተ ሰውዬ፣ እያፈረስናት እኮ ነው!»

ማክሰኞ ልገጥምለት ወይስ ተወው ልበል? ረቡዕ ይወጣ የለ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ማክሰኞ

መጡ። አውሮፕላኖቹ። ሰማዩ ሙሉ።

እኔ አለሁ። ቤፒ አለ። ኔሪና አለች፣ ቤቱም ቆሟል።

መርከቧ ሰጥማለች። ጎኗን ይዛ ጭቃው ላይ ተኝታለች። የጀርባዋ ጫፍ ብቻ ይታያል።

ነገ እጽፋለሁ።

ፌብሩዋሪ 21፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል።

ምሳውን አድርሼለት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ሰማሁ ልበል እንጂ የሰማው እሱ ነው፤ ክንዴን ይዞ «አባባ፣ ይውጡ!» አለኝ። እሱ መውጣት አይችልም፤ መርከቧ ላይ ወታደር አለ። «አንተ እዚሁ ጥብቅ በል፣ እመለሳለሁ» አልኩት። ወጣሁ። ደንባችን የታወቀ ነው፦ አደጋ ሲመጣ መጨረሻ የሚወጣው ሰው እያንዳንዱን በር ከኋላው እየጠረቀመ ይወጣል፣ መሬት ላይ ዕቃ አይተውም። ውሃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያልፍ። ልጅ ሆኜ እጄ ላይ በዱላ የገባ ትምህርት ነው። የላይኞቹን በሮች ጠርቅሜ ወጣሁ። የላይኞቹን። የታችኛውን እንደነበረ ትቼዋለሁ። እንደነበረ ነው የተውኩት።

ካልዘጋሁት ውሃው ገብቷል። ከዘጋሁት ደግሞ። አሁን ይህን አላስብም።

ኔሪና በጭሱ ውስጥ ስትሮጥ መጣች። «የት አለ?» ስትለኝ አፌ ብቻውን «ወጥቷል» አለ። «ጠዋት አወጣሁት። የገመድ መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ነገሩ እስኪበርድ እዚያ ይቆያል።» እጄን ያዘችና ሳመችው። ከሠርጓ ቀን ወዲህ ስማኝ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ዞራ መጣች። «ልጁስ?» አለችኝ። «ሌላ መንገድ ተገኘ፤ አያስፈልግም» አልኳት። ዐይኔን አየችኝ። ማሰሮዋን አዝላ ወጣች።

ፌብሩዋሪ 22

ኔሪና ኮቴን ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች። ትምባሆዬ፣ መሐረቤ፣ ካርታው።

«ይህች እንጨት ምንድን ናት?»

ሽብልቋ ነበረች።

«ምንም። እንጨት ናት።»

ምድጃው ውስጥ ልትጨምራት ስትል ከእጇ ነጠቅኋት። «ምን ሆነሃል አባዬ?» አለችኝ።

መሬት ላይ ዕቃ አይተውም።

ፌብሩዋሪ 23፣ አርብ

ክራንዝ በጀልባ ወስዶ መርከቧን አስፈተሸን። ጠላቂ ወረደ። ሲወጣ ክራንዝ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። ጣልያንኛው ስብርብር ነው፤ ዛሬ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«አለቃ! ሁሉ ውሃ፣ ሁሉ። ከኋላ አንድ ክፍል ብቻ ደረቅ! ጠላቂው ከውጭ መታ፣ ባዶ ድምፅ፣ አየር አለ። በሩ እንዴት ጥሩ ተዘግቷል! ማን ዘጋ? አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ሠራተኛ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ጥቂት ነው።» ሲጋራ ሰጠኝ፣ ከነፓኮው።

«ክፍሉን ከላይ ቆርጠን እንክፈተው» አልኩት። «መዳብ አለበት።» ራሱን ነቀነቀ። መቁረጫ ጋዝ የለም፣ ለመርከቧ የሚባክን ሰውም የለም። «ለዓሣ ተወው» አለ።

ደግሜ አልለመንኩም። ብደግም ለምን ብሎ ይጠይቀኛል። ቢጠይቀኝ ኔሪናን ይወስዷታል፣ ቤፒን ይወስዱታል፣ ዞራንም። ሁሉንም ባንድ ገመድ። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነትም ነው። ግን አፌ የተያዘው ይህን ከማሰቤ በፊት ነው።

ሲጋራውን ለቤፒ ሰጠሁት። «ኦታቪዮ፣ ያ ልጅ...» አለኝ። «የትኛው ልጅ?» አልኩት። «ተወው» አለ።

ፌብሩዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ገመድ ልንፈታ ብለን እኔና ቤፒ በጀልባ ሄድን። ከኋላዋ በኩል፣ ላሜራው ከውሃ ብቅ ባለበት ተጠጋሁ። መዶሻዬን አውጥቼ አንዴ መታሁ። ከዚያ ራሱን ላሜራው ላይ አስደግፌ እጀታውን ነከስኩ።

አንድ።

ቆየ። እንደገና አንድ።

ጥርሴን ላላ አደረግሁት።

«ምን ሰማህ?» አለ ቤፒ።

«የመልሕቁ ሰንሰለት ነው። ማዕበሉ እያማታው ነው።»

ቤፒ መቅዘፊያውን አኖረ። «የትኛው ሰንሰለት?» አለኝ።

መቅዘፊያውን አንስቼ ቀዘፍኩ። ወታደሮቹ ወደቡ ዳር ቆመው ያዩናል። ሰንሰለት ነው።

ፌብሩዋሪ 25፣ እሁድ

ሄድኩ። ነከስኩ። ምንም የለም።

ፌብሩዋሪ 26

ምንም የለም። ሰንሰለቱ ቆመ።

ፌብሩዋሪ 28፣ ረቡዕ

ኔሪና በየጠዋቱ ምሳ ዕቃውን ሞልታ ትሰጠኛለች። የገመድ መጋዘኑ ጀርባ አንድ ግድግዳ አለ፤ እዚያ ተቀምጬ መጀመሪያ ቀን ልደፋው ብዬ ነበር። ባሕር ወፎቹ ቢያዩኝስ? ሰው ቢያየኝስ? በዚህ ረሃብ ምግብ የሚደፋ ሰው ምን ይባላል? በላሁት። የበቆሎ ገንፎ ነበር፣ ከላዩ የተጠበሰ ሽንኩርት። ሽንኩርቱን የት እንዳገኘችው እንጃ። ጣፈጠኝ። ጣፍጦኝ ታችኛውን በጣቴ ጠረግሁት። 

ማታ ክዳኑን ከፍታ አየችና ፊቷ በራ። «ጨርሶታል! መርከቧ ውስጥ ሳለ ግማሹን ነበር የሚመልሰው። ምን አለ?»

«ከጎረቤት ጋር ተዋወቅሁ አለ፤ አይጦቹ ተመልሰዋል።»

ሳቀች። ሊቪዮ የሚናገረውን ዓይነት ቀልድ መፍጠር እችላለሁ። ይህን ችሎታዬን አላውቀውም ነበር።

ማርች 2

ጉንጯ ገብቷል። ለእሱ እያለች ራሷ አትበላም፤ እኔ ግን እየወፈርኩ ነው። ቤፒ «ተመችቶሃል» አለኝ ዛሬ። ሰውን ገድሎ ቀለቡን የሚበላ አውሬ እንጂ ሰው አይደለሁም። ነገ እነግራታለሁ።

ማርች 3

አልነገርኳትም። ዛሬ አንድ እንቁላል ነበረበት።

ማርች 5፣ ሰኞ

ኔሪና ወተት ፍለጋ ሳን ጃኮሞ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆመች።

«ዞራን አገኘኋት» አለችኝ።

«እሺ?»

«ወተት የለም አለች።»

ኮቷን አውልቃ ሰቀለችው። ማታ «ምን አለ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ደክሟት ይሆናል።

ማርች 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት እንደ ወትሮው ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ በመሐረብ ታስሯል። መንገድ ላይ ቀለለኝ፤ ዛሬ ምንም አላገኘችም፣ ትንሽ ነው ብዬ አሰብኩ። ግድግዳው ሥር ተቀምጬ መሐረቡን ፈታሁ።

ባዶ ነው። ታጥቧል። ውስጡ በጨርቅ ደርቆ ያብረቀርቃል።

ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። ማድረግ የሚገባኝን አላውቅም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያዝኩትና ሥራዬን ሠራሁ። ሞርሳው ላይ እጀታው እንደታሰረ ነው። ጥሩ እጀታ ነው። ትንሽ ነበር የቀረው።

ማታ ባዶውን ምሳ ዕቃ መለስኩላት። ተቀበለችኝ። የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጠበችው። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«ምን አለ?» አለች።

ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ሰምቻለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤ ደንቆሮ ሁልጊዜ መሸሸጊያ አለው። ዞራ ያን ዕለት ዐይኔ ውስጥ ያየችውን ነግራታለች፤ ከጀርባዋ ይነበባል። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ፤ እግዜር ይይልኝ፣ እንደገና ልዋሽ ነው የከፈትኩት። «ሊቪዮ እንዲህ አለ...» ብዬ ጀመርኩ።

ኔሪና ከመደርደሪያው ማንኪያ አነሳች። የምሳ ዕቃውን ቂጥ ሁለት ጊዜ መታችው።

ሰማሁ።